የሰገን ተቀባዮች

ከወረታ በታች፣ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ፣ ሰገንን ሳያውቅ ሩዝ አርሜያለሁ የሚል ሰው ካለ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ያረመው ለብቻው ነው። ለብቻው የሚያርም ደግሞ እዚያ አገር እንደ ሰው አይቆጠርም። ሩዝ ውሃ ውስጥ የሚበቅል፣ ወገብ የሚቆርጥ እህል ነው። አረሙ ከሩዙ ጋር መንታ ይመስላል። አንድ ሰው ብቻውን ጎንበስ ብሎ ሲለይ ቢውል፣ ማታ ቀና የሚያደርገው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሚታረመው በደቦ ነው፤ ደቦ ደግሞ ያለ ዘፈን አይሆንም፤ ዘፈንም አውራጅ ይፈልጋል። አውራጅ ማለት ግጥሙን ከሆዷ እያወጣች፣ ዜማውን ይዛ ፊት ፊት የምትሄደው ናት። የቀረው ሰው ተቀባይ ነው፤ ያለችውን ተቀብሎ፣ አጉልቶ ይመልስላታል። ሰገን ከሙሽርነቷ ጀምሮ አውራጅ ነበረች።

አውራጅ የሆነችበት ታሪክ ራሱ ያስቃል። የተወለደችው ይፋግ ነው፤ የአባቷ መሬት ደረቁ ላይ ስለነበረ ለቢሻው ተድራ ወደ ሜዳው እስክትወርድ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ አርማ አታውቅም። በመጀመሪያው ክረምት አማቷ እጇን ይዘው ወደ አረም አወጧት። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ፣ አፏን ይዛ ነው የምትሠራው፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ረፋዱ ላይ አልቅት ባቷ ላይ ተጣበቀ። ሌላ ሙሽራ ብትሆን ታለቅስ ነበር። ሰገን ግን ቀና ብላ ከአልቅቱ ጋር በዜማ መሟገት ያዘች፦

አንቱ አልቅት ሆይ፣ ይልቀቁኝ በሞቴ፤
ደሜ አልቋል እኮ፣ ጠጥታው አማቴ።

አማቷን እንዲያ መዝለፏ አንሶ፣ ለአልቅቱ አንቱታውን ሰጥታ ለአማቷ መንሳቷ! ሰው ሁሉ ወደ አሮጊቷ ዞረ። አሮጊቷ አንድ ጊዜ ሰማዩን፣ አንድ ጊዜ ሙሽራይቱን አዩና ወገባቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከዚያም ቀድመው ግጥሙን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። አማት ከተቀበለች ማን ይቀራል? ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ሰገን ደቦ የጠራ ሰው፣ እንግዳ ጠርቶ ጠላ እንደረሳ ሰው ይታማ ጀመር።

ከተቀባዮቿ ሁሉ የምትበልጠው አምሳል ናት፤ የአጥር ጎረቤቷ። አምሳል ከሐሙሲት የመጣች፣ ደልደል ያለች፣ ለነገር የማትቸኩል ሴት ናት። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ የሰገን ድምፅ ደግሞ ቀጭንና ረዥም። ሁለቱ ሲገጥሙ ከማዶ የሚያርሙ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ይሰሙ ነበር። ሰገን ይህን ሁሉ የእሷ ብቻ አድርጋ ማየቷ ግን አልቀረም። አውራጅ የሆነ ሰው ሁሉ ትንሽ እንዲህ ነው፤ ፊት ፊት ሲሄድ የኋላውን አያይም።

ያመማት ባለፈው ዓመት ነው፤ ከመስቀል ወዲህ። መጀመሪያ ክሳት ነበር። ትበላለች፣ እንዲያውም ከቢሻው ትበልጣለች፤ ግን አይጠጋትም። ቀጥሎ ልቧ ያለ ሥራ መደለቅ ጀመረ፤ ተኝታም፣ ተቀምጣም። የጥቅምት ብርድ ሰውን ሲያንዘፈዝፍ እሷ ነጠላዋን ጥላ በእጇ ታራግባለች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ዓይኖቿ ፈጠው ወጡ። አንገቷም ከፊት በኩል እየሞላ መጣ። ሰገን ማለት ሰጎን ነው፤ ስሙን ያወጡላት በሕፃንነቷ አንገተ ረዥም ስለነበረች ነው ይባላል። አሁን ያ አንገት ጠፋ።

ቢሻው ነገር የማያበዛ ሰው ነው። «እንቅርት ናት፤ እናቴም ነበረባት» አለና ወደ በሬዎቹ ሄደ። እንቅርት እዚያ አገር ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ሴት አንገቷ ላይ ይዛው ልጅ ድራ፣ የልጅ ልጅ አቅፋበታለች። የመንደሩ ሰው ግን ዓይኗን እያየ ሌላ ሌላ ነገር ይናገር ነበር፤ ግማሹ ቡዳ፣ ግማሹ ዛር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሰገን አንዱንም አልሰማች።

ከሁሉ የከፋው ጠባይዋ ነው። ያቺ ተጫዋች ሴት ውሻውን ትሰድባለች፣ ባሏን ትሰድባለች፣ ዝናብ ቢመጣ ትቆጣለች፣ ቢቀር ትቆጣለች። ለምን እንደምትቆጣ ራሷም አታውቀውም፤ ተቆጥታ ከጨረሰች በኋላ ጓሮ ሄዳ ታለቅሳለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚህ ሁሉ ላይ የኅዳሩ አጨዳ መጣ።

የአዛናው ሩዝ ይታጨድ ነበር። አዛናው ሰፊ እርሻ ያለው የሰፈሩ ሰው ነው፤ መንደሩ በሙሉ ወጥቶለታል። አምሳል ግን የለችም። ፀሐይ ከፍ ካለ በኋላ ማጭዷን ይዛ ከተፍ አለች። ሰገን ያን ሌሊት አልተኛችም፤ ልቧ ጉሮሮዋ ላይ ነው። አምሳልን እንዳየቻት አወረደች፦

ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ቤት ሲገባ፤
አምሳል ብቅ አለች፣ ማጭዷን አንግባ።

ግጥሙ ክፉ ግጥም አልነበረም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር። ነገር ግን አምሳል የዘገየችው እናቷ ሐሙሲት ታመው፣ ከአልጋቸው ስር አድራ መምጣቷ ስለነበረ ነው፤ ይህን ከሰገን በቀር የማያውቅ አልነበረም። ማንም አልተቀበለም። ሰገን ደገመችው። አሁንም ማንም አልተቀበለም፤ ማጭድ ብቻ ነው የሚሰማው። አውራጅ አውርዳ ተቀባይ ስታጣ ማየት ምን እንደሚመስል ያላየው ሰው አያውቀውም። በሰው ፊት መራቆት ነው። ሰገን ማጭዷን ወርውራ ወደ ቤቷ ሄደች። የቀረውን አጨዳ፣ ደቦ ያለ ዘፈን አይሆንምና፣ አምሳል አወረደችው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች በአጥሩ ቀዳዳ እሳት መጫጫር አቆሙ።

ቢሻው በሬዎቹን ትቶ ሚስቱን ወረታ ሐኪም ዘንድ የወሰዳት ታኅሣሥ ላይ ነው። ሐኪሟ ዶክተር ማስተዋል ትባላለች፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ የሚያስጨንቃት። አንገቷን ዳሰሰች፣ ልቧን አዳመጠች፣ ደም አስቀድታ ወደ ባሕር ዳር ላከች። ሰገን የሐኪሟን አገር ጠየቀች፤ አንበሳሜ ናት። ነገሩን በልቧ ያዘችው።

ውጤቱ ሲመጣ ተመልሳ ሄደች። ዶክተር ማስተዋል ወረቀቱን አየችና፣

«እትዬ ሰገን፣ ችግሩ ያለው ተቀባዩ ላይ ነው» አለቻት።

«ምኑ ላይ?» አለች ሰገን።

«ተቀባዩ ላይ። ከላይ ሆኖ የሚመራው ደህና ነው፤ እንዲያውም አሁን ዝም ብሏል። ግን ባዕድ ነገር መጥቶ ቦታውን ይዞበታል። ተቀባዩ መሪው መስሎት ለዚያ ለባዕዱ ይታዘዛል። ልብዎን የሚያስደልቀው፣ የሚያናድድዎት፣ እንቅልፍ የሚነሳዎት ይኸው ነው።»

ለዚህች ልጅ ማን ነገራት? አለች ሰገን በልቧ። አንበሳሜ! ወሬ ከወረታ ተነሥቶ፣ ሐሙሲት ላይ አረፍ ብሎ፣ አንበሳሜ ለመግባት የመኪና አይከፍልም። የአዛናው አጨዳ ጉድ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። መሪዋ ዝም ብላለች፤ እውነት ነው። ተቀባዩን ባዕድ ይዞታል፤ ይኸም እውነት ነው፤ አምሳል የሐሙሲት ሰው አይደለችም ወይ? ራሷ ከይፋግ የመጣች መሆኗን በዚያች ደቂቃ ረሳችው።

«መድኃኒት የለውም?» አለች በቀሰስተኛ ድምፅ።

«አለው። እነዚህን ሁለት ዓይነት ክኒኖች ሳያቋርጡ ይወስዳሉ፤ ነገሩን ያበርዱታል። ተቀባዩን ራሱን ከባዕዱ የሚያስለቅቅ መድኃኒት ግን ገና ነው፤ በውጭ አገር ተመራማሪዎች እየሞከሩት ነው።»

«በክኒኑ ካልበረደስ?»

«ያን ጊዜ እንቅርቱ ባሕር ዳር በቀዶ ጥገና ይወጣል።»

«ከአንገቴ?»

«ከአንገትዎ።»

«ድምፄስ?»

ዶክተር ማስተዋል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ለድምፅ የሚሆነው ጅማት የሚያልፈው እዚያው አጠገብ ነው። ብዙ ጊዜ አይነካም። ፈጽሞ አይነካም ግን ብዬ አልዋሽዎትም።»

ከዚህ በኋላ የተባለውን ሰገን አልሰማችም። ባጃጅ ውስጥ ሆና ወደ ቤት ስትመለስ ነገሩን በሐሳቧ ደረደረችው። ቢላዋ ድምፅዋን ሊወስድ ይችላል። ድምፅ ከሌላት ሰገን ማን ናት? ከስታ የምትቆጣ አንዲት ሴት። የበሽታው ሥር ተቀባዮቿ ናቸው፤ ሐኪሟ ራሷ መስክራለች። የተቀባይ መድኃኒት ደግሞ ገና አልተገኘም። እንግዲያ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ማበረጃ ክኒን እየዋጡ ከመቀመጥ መታረቅ ይሻላል። ቤት ስትገባ የክኒኑን ፌስታል ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ለቢሻው፣ «ድካም ነው አለችኝ» አለችው። ቢሻውም አመነ፤ እሱ የተነገረውን የሚያምን ሰው ነው።

በነጋታው የነፍስ አባቷ ቄስ ኪዳነ ማርያም ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ አስታርቁኝ።»

«ከማን ጋራ፣ ልጄ?»

«ከተቀባዮቸ ጋራ። ሐኪም አዛኛለች።»

ቄስ ኪዳነ ማርያም ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። በዕድሜያቸው ብዙ ነገር ሰምተዋል፤ እርቅ የሚያዝ ሐኪም ግን አልገጠማቸውም። «መልካም ሐኪም ናት» አሉ። «ሌላ ምንም አልሰጠችሽም?»

«ክኒን ሰጥታኛለች። እሱ ለማበረጃ ነው።»

«በይ እንግዲያ እርቅና ክኒን አይጣሉም። ሁለቱንም ያዥ።»

ሰገን እሽ አለች። የያዘችው ግን አንዱን ብቻ ነው።

ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ቄሱ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው አምሳል ግቢ ገቡ፤ እርቁ ሐኪም ያዘዘው መሆኑንም ነገሯት። የአገሩ ደንብ፣ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ ይቅርታ ይለምናል፤ የተበደለው ይቅር ሲል ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። ሰገን ከደጅ ድንጋይ አንሥታ ተሸከመች። አንገቷን መስበር ግን አልቻለችም፤ እንቅርቱ አያስደፋትም። ስለዚህ ቀና ብላ፣ ድንጋይ ተሸክማ፣ ዓይኗ ፈጦ ገባች። ልትታረቅ ሳይሆን ሌላ ጠብ ልትጀምር የመጣች ነበር የምትመስለው።

«በድያለሁ፣ አምሳል። እናትሽ ታመው ሳለ በግጥም አዋረድሁሽ። ስለ እመቤቴ ብለሽ ይቅር በይኝ።»

አምሳል ገና አፏ ሳይናገር እንባዋ መጣ። ብዙ ሳምንት ሆድ ብሷት የከረመች ሴት ናት። ቀርባ ድንጋዩን አወረደችላት። እጇ የሰገንን አንገት ሲነካ ደንግጣ መልሳ ነካችው። ከቆዳው ስር ደሟ እየጋለበ ነበር።

«አንች! ምን ሁነሽ ነው?»

«ድኛለሁ» አለች ሰገን። «አሁን ታረቅን አይደል? ድኛለሁ።» ይህን ብላ እዚያው አምሳል እጅ ላይ ተዝለፈለፈች።

ተጠርቶ የመጣው ቢሻው ባጃጅ ፍለጋ ሮጠ። አምሳል ፊቷን ውሃ ረጨቻት፤ ከዚያ ሐኪም ያዘዘው ነገር ካለ ልታይ ሰገን ቤት ገባች፤ ምሰሶው ላይ ፌስታሉን አገኘችው። ሁሉም ክኒን እንዳለ ነበር። አንድም አልጎደለም። ፌስታሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ባጃጁ ውስጥ ገባች፤ ሰገንን ጭኗ ላይ አስተኛቻት። አምሳል መንገዱን ሁሉ የጸለየችው ጸሎት አንድ ብቻ ነበር፤ ከእርቅ በኋላ ሰው አይሙትብኝ የሚል።

ዶክተር ማስተዋል ሰገንን አስተኝታ፣ ልቧን የሚያረጋጋውን መድኃኒት አስጀምራ፣ ማምሻውን ትንሽ ሲሻላት መጣች። አምሳል ብድግ አለች።

«ዶክተር» አለች፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ጠርጋ፤ «ያዘዙልንን እርቅ በደንቡ ፈጽመናል። ቄስ ነበሩ፣ ሽማግሌ ነበረ፣ ድንጋይም ወርዷል። ለውጥ ግን አላየንም።»

«የምን እርቅ?»

«የተቀባዮቹን ነዋ። በደቦ ዘፈን እሷ አውራጅ ናት፤ የተጣላኋት ተቀባይዋ እኔ አምሳል ነኝ።»

ሐኪሟ አንዴ አምሳልን፣ አንዴ ቋጠሮው ውስጥ ያለውን ክኒን፣ አንዴ አልጋው ላይ ያለችውን ሴት አየች። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ግን ሳቋን ዋጠችውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ሰልፍ መሃል ስትቀመጥ ያያት ሰው የለም።

«እትዬ ሰገን፣ እኔ ስለ አምሳል አልነበረም የነገርኩዎት።»

«እኔ ሞኝ ነኝ፣ ልጄ?» አለች ሰገን። «ተቀባዩን ባዕድ ያዘው ያልሽኝ በጆሮየ ነው።»

«ብያለሁ። ቃሉን ከመጽሐፍ እንዳነበብኩት ጣልኩብዎት፤ እርስዎ ደግሞ የተቀባይ ነገር ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አሁን በእርስዎ ቤት ልንገርዎት።» ጣቷን የሰገን አንገት ላይ አሳረፈች። «እዚህ እጢ አለ። እጢው የተሠራው ከብዙ ትንንሽ ሕዋሳት ነው፤ በዓይን አይታዩም። እያንዳንዷ ሕዋስ ሽፋኗ ላይ ተቀባይ ተተክሎላታል። አውራጁ ያለው ከላይ፣ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሆርሞን የሚባል መልእክት በደም ይልካል። ተቀባዩ ያን ሲሰማ እጢው ይሠራል፤ አውራጁ ሲያርፍ እጢው ያርፋል። በደቦም እንደዚያው አይደል?»

«እንደዚያው ነው» አለች አምሳል፣ ሳትጠየቅ።

«አሁን የራስዎ ሰውነት ተሳስቶ፣ አውራጁን የሚመስል ነገር ሠርቷል። ያ ነገር መጥቶ ተቀባዩ ላይ ተቀምጧል። አያርፍም፤ ትንፋሽ አይሰጥም። አውራጁም ሁከቱን አይቶ ዝም ብሏል። እጢው ግን ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ክሳቱም፣ ላቡም፣ ንዴቱም ከዚያ ነው።»

ሰገን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እንዲያ ከሆነ፣ አምሳልን የሰደብኋት እኔ አይደለሁማ?»

«ግማሹ የበሽታው ነው» አለች አምሳል። «ግጥሙ ግን የአንችው ነው፤ በሽታ እንዲያ አይገጥምም።»

ሦስቱም ሳቁ። ሰገን እየሳቀች አለቀሰች። የታመመ ሰው የታመመ መሆኑን ብቻ ማወቁ፣ ክፉ ሰው እንዳልሆነ መስማቱ፣ ምን ያህል ሸክም እንደሚያወርድ ያን ቀን ያወቀችው እሷ ናት።

ሐኪሟ ክኒኖቹን አንድ በአንድ አሳየቻት። «ይኸኛው እጢው ጥቂት እንዲሠራ ያደርገዋል። ይኸኛው ደግሞ ልብዎ ላይ ላሉት ሕዋሳት ነው። እነሱም ሌላ ዓይነት ተቀባይ አላቸው፤ ክኒኑ ቀድሞ ገብቶ ቦታውን ይይዛል። ልብን የሚያጣድፈው ጩኸት ሲመጣ የሚቀበለው ያጣል።»

«ተቀባይ መንሳት ነዋ!» አለች ሰገን። ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። «እንዲህ ያለ ክኒን ለእጢውስ?»

«እሱን ነው የሚሞክሩት። የእጢው ተቀባይ ላይ ተቀምጦ ሐሰተኛውን አውራጅ የሚከለክል። ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም።» ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ የማይቋረጥ መድኃኒት መሆኑን ነገረቻትና አንድ ነገር አስጠነቀቀች፤ ክኒኑን እየወሰዱ ጉሮሮ ቢያም ወይም ቢያተኩስ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ መምጣት ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ክኒኑ በሽታ የሚከላከሉትን የደም ሕዋሳት ያሳንሳል።

ይህችን ማስጠንቀቂያ የያዘችው አምሳል ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት በአጥሩ ቀዳዳ፣ ከእግዜር ሰላምታ በፊት፣ «ጉሮሮሽን?» ትላለች። «ደህና ነው።» «ክኒኑንስ?» «ውጫለሁ።» «አፍሽን ክፈችው።» «አንች ሴትዮ፣ በሬ ነኝ እንዴ?» ይህ ንግግር ጾሙንም፣ ፋሲካውንም፣ የሩዙን ዘር ጊዜም ዘለቀ። አላፊ አግዳሚው ሁለቱ እንደገና የተጣሉ ይመስለው ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ሰገን መጀመሪያ የተመለሰላት እንቅልፍ ነው። ቀጥሎ እጇ ጸና፤ መርፌዋ ክር ያዘች። ጉንጯ ሞላ። አንድ ቀን ውሻው ሊጥ ገልብጦባት ስትስቅ ቢሻው ሰማት፤ ሞፈሩን አስቀምጦ ገብቶ አያትና ተመልሶ ወጣ። ዓይኗ ግን እንደፈጠጠ ነው፤ እንቅርቱም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ያ የሚያስፈራው ቢላዋ አሁንም ከራሷ አልወረደም። ማውረድም ሆነ መዝፈን ከሞከረች አንገቷ የሚፈነዳ እየመሰላት፣ ከኅዳር ወዲህ አንዲት ስንኝ ከአፏ አልወጣችም።

በየቀጠሮው ሐኪሟን ትጠይቃለች። «ያ የተቀባዩ መድኃኒት መጣ?»

«መንገድ ላይ ነው፣ እትዬ ሰገን።»

«መንገዱ ተዘግቶበት ይሆናላ።»

መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመበት ዓመት ስለነበረ ሁለቱም ይስቃሉ። ሰገን ግን የምትጠይቀው ለቀልድ ብቻ አልነበረም። የማታውቃቸው ሰዎች፣ የማታውቀው አገር ተቀምጠው፣ አንዲት ተቀባይ እንዴት እንደምትረጋጋ እያሰቡ መዋላቸው ያጽናናታል። ሲቀናቸው እሷ ባትደርስበት ሌላ ሴት ትደርስበታለች። አንዳንዴ በጸሎቷ መጨረሻ ላይ ትጨምራቸዋለች።

ሐምሌ ላይ ደሟ እንደገና ባሕር ዳር ሄዶ ውጤቱ መጣ። ዶክተር ማስተዋል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰገን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች፤ ቢሻው ከኋላዋ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ክኒኑ ይዞልዎታል» አለች ሐኪሟ። «አልጨረስንም፤ ገና ብዙ ወር ይውጣሉ። ግን አሁን ቢላዋ አያስፈልግም።»

«ድምፄስ?»

«ድምፅዎ የእርስዎ ነው። ይሞክሩት።»

ሰገን ወዲያው ወለሉ ላይ ተደፍታ መሬት ሳመች። ቢሻው ባርኔጣውን አደረገ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአምሳል ሩዝ በደቦ ይታረም ነበር። ውሃው ከጉልበት በታች ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል። አምሳል ስታወርድ አርፍዳ ወገቧን ለማሳረፍ ቀና አለች፤ ሌላ አውራጅ ግን አልጠራችም። ማንም አልጠራም። ሁሉም እጁን ውሃ ውስጥ አድርጎ ይጠብቃል፤ ወደ ሰገን የሚመለከት ግን የለም፤ እንዳያስጨንቋት ነው። ሰገን ዳር ላይ፣ ከአምሳል አጠገብ ነበረች። እጇ ውስጥ ያለውን አረም ወረወረችና አወረደች፦

ድምፄ ጠፍቶብኝ፣ ስፈልገው ዋልሁ፤

ያ ቀጭን ድምፅ አልነበረም። ወፈር ያለ፣ ሻከር ያለ፣ ከሌላ ሴት የመጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ሰገን ራሷ ደነገጠች። ሁለተኛውን ስንኝ ጀመረች፤

በጎረቤቴ…

ትንፋሽ አጠራት። ቀጣዩ ቃል ልቧ ውስጥ አለ፤ የሚያወጣው አየር የለም። አፏን ከፍታ ውሃው ውስጥ ቆመች።

…ጉሮሮ አገኘሁ!

አምሳል ናት። ጎንበስ እንዳለች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ ስንኙን ሞላችው። ማንም ነግሯት አያውቅም፤ ግጥሙ እዚያው የተወለደ ነው። ከኋላዋ ሕዝቡ ሁሉ አንሥቶ ተቀበለው፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ፤ ሰገን ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ይዘውላት ቆዩ።

ሰገን ልትል ያሰበችው «በጎረቤቴ ደጅ» ነበር። ትንፋሿ ሲመለስ ግን የራሷን ትታ፣ አምሳል ያለችውን ተቀበለች።